የማዳመጫ ድምፅ ከየት ይቀየር? ከዘንጉ፣ ከቁልፉ ወይስ ከስልኩ

ገመድ አልባ ማዳመጫ ሊገዛ የወጣ ሰው ሻጩን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ቤዙ እንዴት ነው፣ የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው። ድምፁ ከየት እንደሚጨመር የሚጠይቅ ብዙም አይገጥምም። ጆሮ ላይ ከተሰካ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሲነካ የሚውለው ይኸው ነው። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል መቀነስ አለ። ገልባጭ መኪና በአጠገብ ሲያልፍ መጨመር አለ። በቴሌግራም የተላከው ስብከት ከሩቅ ተቀድቶ አልሰማ ሲል እስከ ጥግ ይጨመራል፤ ቀጥሎ ያለው መዝሙር ሲጀምር ደግሞ ጆሮ እንዳይበጥስ በጥድፊያ ይቀነሳል።

እኔ ምርጫውን የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ስታዳምጡ እጃችሁ ምን ላይ ነው? እጁ ነፃ ለሆነ፣ ስልኩም ኪሱ ውስጥ ለሆነ ሰው ከስልኩ ጎን ያለው ቁልፍ ይበቃዋል፤ ለዚህ ሲል አንድም ብር መጨመር የለበትም። እጁ ሊጥ ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ውስጥ ወይም መሪ ላይ ለሚውል ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዋጋው ውድ ሆኖ ለእሱ የማይጠቅም ማዳመጫ አለ፤ ርካሽ ሆኖ ልክ የሚሆነውም አለ።

ዘንጉን ማንሸራተት

ዋጋውን ለሚችል ሰው ከሁሉም የሚመቸው ይሄ ነው። ከጆሮ ወደ ታች በሚወርደው ዘንግ ላይ ጣትን ወደ ላይ ማንሸራተት ድምፁን ይጨምራል፣ ወደ ታች ማንሸራተት ይቀንሳል። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ፍሪበድስ ፕሮ ላይ ነበረ። አፕል በ2022 ኤርፖድስ ፕሮ 2 ላይ አመጣው። ሳምሰንግም በ2024 በድስ 3ን እና በድስ 3 ፕሮን ባለ ዘንግ አድርጎ ሲያወጣ ተከተለ። የጉግል ፒክስል በድስ ፕሮ ዘንግ ባይኖረውም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ከውጭ በሚታየው ክብ ገጽ ላይ ወደ ፊት ሲያንሸራትቱ ይጨምራል፣ ወደ ኋላ ሲያንሸራትቱ ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በስም ነው። ኤርፖድስ ሁሉ አይንሸራተትም። ከመጀመሪያው እስከ ኤርፖድስ 4 ድረስ ያሉት መደበኛዎቹ ከዘንጉ ላይ ድምፅ አይቀይሩም፤ ኤርፖድስ 4 በ2024 ማለትም ከፕሮ 2 በኋላ ወጥቶ እንኳ ይሄ የለውም። የ2019ኙ የመጀመሪያው ኤርፖድስ ፕሮም የለውም። ከጉግልም ርካሹ ፒክስል በድስ ኤ-ሲሪስ አያንሸራትትም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዘመድ «ኤርፖድ አምጥቼልሃለሁ» ሲል ደስታው እንዳለ ሆኖ የትኛው እንደሆነ መጠየቁ አይከፋም።

የማንሸራተት ትልቁ ጥቅም በሁለቱም ጆሮ ላይ እኩል መሥራቱ ነው። አንዷን ብቻ ብትሰኩ በዚያችው መጨመርም መቀነስም ትችላላችሁ። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ከዚህ በታች ላሉት ዘዴዎች ዋና ፈተና ነው። ሌላው ጥቅም ማዳመጫውን ወደ ጆሮ ውስጥ አለመግፋቱ ነው። መጀመሪያ ላይ እንቢ የሚላቸው ሰዎች አሉ። አውራ ጣትን ከዘንጉ ጀርባ ደገፍ አድርጎ በሌባ ጣት ብቻ ቀስ ብሎ ማንሸራተት ነው፤ ድጋፍ ከሌለው ማዳመጫው አብሮ ይንቀሳቀስና ንክኪው ሳይቆጠር ይቀራል።

ጉድለቱ ደግሞ ሁለት ነው። ጣት ከረጠበ ወይም ጓንት ካለበት ንክኪውን በደንብ አያነብም። ሁለተኛው፣ ጆሯቸውን በሻሽ ወይም በሂጃብ ለሚሸፍኑ ሴቶች ዘንጉ ከጨርቁ ሥር ይደበቃል። ሻሽ እየገለጡ ድምፅ መቀነስ ደግሞ ስልክ ከቦርሳ ከማውጣት አይሻልም።

ነክቶ መያዝ

የሳምሰንግ ዘንግ የለሾቹ፣ ማለትም በድስ ፕላስ፣ በድስ 2፣ በድስ ኤፍኢ የመሳሰሉት፣ ድምፅ የሚቀይሩት ገጻቸውን ነክቶ በመያዝ ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ግን በዚህ መንገድ አልተዘጋጁም። ጋላክሲ ዌረብል የሚባለውን አፕ ከፍታችሁ፣ ነክቶ መያዝ ምን እንዲሠራ እንደምትፈልጉ ስትጠየቁ ድምፅን መምረጥ አለባችሁ። ከዚያ በኋላ ቀኙን መያዝ ይጨምራል፣ ግራውን መያዝ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ታጣላችሁ። ነክቶ መያዝ ለድምፅ ከተሰጠ፣ የውጭ ጫጫታ ማጥፊያውን (ካለው) ለመክፈትና ለመዝጋት የሚያገለግለው ያው ንክኪ ይቀራል፤ ያንን ከስልክ ማድረግ ሊኖርባችሁ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ነው። አንድ ጆሮ ብቻ ለሚሰካ ሰው ይህ አሠራር ግማሹ የለም። ቀኙን ብቻ ከሰካችሁ መጨመር እንጂ መቀነስ አትችሉም፤ ግራውን ብቻ ከሰካችሁ ደግሞ በተቃራኒው። አዲስ አበባ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ፣ ከኋላው የሚመጣውን መኪናና ሞተር ሳይክል ለመስማት አንዱን ጆሮ ነፃ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ ማድረጉም ልክ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቀኝና ግራ የተከፋፈለ ማዳመጫ ሲገዛ ቢያንስ ይህን አውቆ ይግዛ።

በንክኪ የሚሠራ ሁሉ ጣትን የሚያውቀው ቆዳችን በሚፈጥረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ላብ፣ የዝናብ ጠብታ፣ የረጠበ ፀጉር፣ አንዳንዴም ጆሮ ላይ የተጣበቀ ሻሽ ተመሳሳይ ለውጥ ይፈጥራሉ። በክረምት ካፊያ ውስጥ ዘፈኑ ራሱን እያቆመ ራሱን የሚቀጥለው ለዚህ ነው። በጎን ተኝተው የሚያዳምጡም ከትራሱ ጋር ይጣላሉ። አብዛኞቹ አፖች ላይ ንክኪውን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ስለሚቻል ሌሊት ሌሊት ዝጉት።

ደጋግሞ መንካት

ይህን ዘዴ አልወደውም፤ ከመጀመሪያው ልናገር። ሶኒ በ2023 ባወጣው ደብሊውኤፍ-1000ኤክስኤም5 ላይ ቀኙን በፍጥነት አራት ጊዜ መንካት ይጨምራል፣ ግራውን አራት ጊዜ መንካት ይቀንሳል፤ ሳያቋርጡ ከቀጠሉ መጨመሩም መቀነሱም ይቀጥላል። በድምፅ ጥራት ከምርጦቹ አንዱ የሆነ ማዳመጫ ድምፅ ለመጨመር ጆሮዬን እንድደበድብ ሲጠይቀኝ ግራ ይገባኛል። ቆጠራው ከተዛባ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሁለት ጊዜ ከተቆጠረ ዘፈኑ ያልፋል፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ትምህርት መሐል ላይ ሆናችሁ ይህ ሲደርስባችሁ የት እንደነበራችሁ መፈለጉ ያናድዳል።

ስም የሌላቸውና የታወቁትን አስመስለው የተሠሩት ማዳመጫዎች ላይ ነገሩ ይብሳል። አይ12 የሚል ስም ለብሰው ከተለያየ ፋብሪካ የሚወጡት ከውጭ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ አንዱ ነክቶ በመያዝ፣ ሌላው ሦስቴ በመንካት ድምፅ ይቀይራል፣ ሌላው ጭራሽ አይቀይርም። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ወረቀት ላይ ሥዕል አለ፤ ሳትጥሏት በፊት በስልክ ፎቶ አንሷት።

የራሱ አፕ ያለው ብራንድ ከሆነ ግን ነገሩን መለወጥ ይቻላል። ሳውንድኮርና ጄቢኤል በብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ የትኛው ንክኪ ምን እንደሚሠራ እናንተ እንድትመርጡ ይፈቅዳሉ። እንዲህ ሲሆን እኔ የማደርገው ቀኙን አንድ ጊዜ መንካት መጨመሪያ፣ ግራውን አንድ ጊዜ መንካት መቀነሻ ማድረግ ነው፤ ማቆምና መቀጠል ወደ ሁለቴ ይዛወራል። አጭሩ ንክኪ በብዛት ለሚደረገው ነገር ቢውል ይሻላል።

የሚጫን ቁልፍ፣ በተለይ አንገት ላይ ያለው

እጃችሁ ሥራ ላይ ከሆነ እዚህ ክፍል ላይ ቆዩ።

እውነተኛ ቁልፍ ማለት ሲጫኑት ቀጭ የሚል፣ ውሃ ይንካው ሊጥ፣ ጓንት ይኑር ጨርቅ፣ ደንታ የሌለው ማለት ነው። ከጆሮ ማዳመጫዎች ውስጥ በዚህ የታወቁት የጃብራ ኢሊት 65ቲ እና 75ቲ ነበሩ፤ 75ቲ ላይ ቀኙን ተጭኖ መያዝ ይጨምራል፣ ግራውን መያዝ ይቀንሳል። የጃብራ ባለቤት ጂኤን ኩባንያ በ2024 የኢሊትን መስመር እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ስለዚህ አሁን የሚገኘው የቀረ ወይም ያገለገለ ነው። ያገለገለ ማዳመጫ ደግሞ ባትሪው የደከመ ሊሆን ስለሚችል ብዙም አልገፋፋችሁም። የቁልፍ ሌላው ጉድለት ሲጫኑት ማዳመጫውን ወደ ጆሮ ቀዳዳ መግፋቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም ያማል።

የእኔ ምርጫ ሌላ ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ ሁለቱ ጆሮዎች በአጭር ገመድ የሚያያዙበት ማዳመጫ ፋሽኑ ያለፈበት ይመስላል፤ ድምፅ ለመቀየር ግን እስካሁን የሚያክለው አላየሁም። ደረት አካባቢ ሦስት ቁልፎች አሉት፤ መደመር፣ መቀነስ፣ መሐል ላይ ማቆሚያ። በዓይን ሳይታዩ በጣት ይለያሉ። እጅ ቢረጥብ በክንድ ወይም በጣት አንጓ ጫን ማድረግ ይቻላል። ሻሽም ሂጃብም አይከለክለውም። አንዱን ጆሮ አውልቆ ማንጠልጠል ይቻላል፤ አይወድቅም፣ አይጠፋም። ባትሪውም ትልቅ ነው።

በቤይሩት፣ በዱባይ ወይም በሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ የምትውል፣ እጇ ከሳሙናና ከውሃ የማይወጣ፣ ከአገር ቤት በኢሞ ሲደወልላት በዚያው ሥራዋ መሐል የምታወራ እህት ብትጠይቀኝ፣ ዘንግ ያለውን ውድ ማዳመጫ ትታ ይህን እንድትገዛ ነው የምነግራት። ምጣድ ላይ ቆማ እንጀራ ለምትጋግርም፣ በክረምት ጓንት አድርጎ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በረዶ ለሚጠርግም ምክሬ ይኸው ነው።

ከስልኩ፤ ሁለት ድምፅ የሚፈጠርበት ቦታ

«ማዳመጫዬ ድምፁ ትንሽ ነው» የሚለው ቅሬታ ከማዳመጫው ጥራት ጋር ብዙ ጊዜ ግንኙነት የለውም። ስልኩ የራሱ የድምፅ መጠን አለው፣ ማዳመጫውም የራሱ አለው። ሁለቱ ሲስማሙ አንዱን ስትጨምሩ ሌላው አብሮ ይሄዳል፤ አንድሮይድ ላይ ይህ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ አለ። ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን ለየብቻ ይቆማሉ፤ ታንከሩ ሥር ያለው መዝጊያ ግማሽ ከተዘጋ የቤቱን ቧንቧ እስከ መጨረሻ ቢከፍቱት ውሃው እንደሚቀጥነው ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ዘፈን ክፈቱና የስልኩ የድምፅ መስመር እስክሪኑ ላይ እየታየ ማዳመጫው ላይ ድምፁን ጨምሩ። መስመሩ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ሁለቱ አንድ ናቸው። ድምፁ እየጨመረ መስመሩ ባለበት ከቆመ ሁለት የተለያየ ድምፅ አላችሁ። መፍትሔው መጀመሪያ በማዳመጫው ላይ እስከ ጥግ መጨመር ነው፤ ብዙዎቹ ጥግ ሲደርሱ ጢት ይላሉ። ከዚያ በኋላ በስልኩ ብቻ ማስተካከል። ስልኩን አስቀድማችሁ ዝቅ ማድረጉን አትርሱ፤ ጆሮ ላይ እንዳለ በአንዴ እንዳይጮህ።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ሌሊት ሕፃን አጠገብ ተኝቷል፣ ስልኩን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ እርከን አወረዳችሁት፣ አሁንም ይጮሃል። አንድ እርከን ብትቀንሱ ጭራሽ ይጠፋል። የብዙ አንድሮይድ ስልኮች የሙዚቃ ድምፅ 15 እርከን ብቻ ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱን ድምፅ ሆን ብሎ መለያየት ይጠቅማል። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለውን ክፈቱ፣ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኩ፤ የዴቨሎፐር ምርጫዎች ይከፈታሉ። እዚያ ውስጥ «ዲሴብል አብሶሉት ቮልዩም» የሚለውን አብሩ፣ ማዳመጫውን አላቅቃችሁ እንደገና አገናኙ። ከዚህ በኋላ ማዳመጫውን ከላዩ ዝቅ አድርጋችሁ በስልኩ ደግሞ በቀጭኑ ማስተካከል ትችላላችሁ። ይህ የሚያዋጣው ግን ማዳመጫው ከላዩ ድምፅ መቀየር ከቻለ ነው፤ ካልቻለ ማዳመጫው በሆነ መጠን ላይ ተቸንክሮ ይቀርባችኋል። ሌላ ነገር እዚያ ውስጥ አትነካኩ።

ሳምሰንግ ለያዘ ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ፤ ሳውንድ አሲስታንት የሚባለው የራሱ የሳምሰንግ አፕ አንዱ እርከን ስንት እንዲሆን ለመምረጥ ያስችላል። አይፎን ላይ ደግሞ የጎን ቁልፉ 16 እርከን ቢሆንም ከላይ በሚወርደው መቆጣጠሪያ ላይ መስመሩን በጣት በመጎተት በመሐል ማቆም ይቻላል።

የስልክ ጥሪ ድምፅ ለብቻው ነው። ዘፈኑ ጥግ ድረስ ተጨምሮ የሚያነጋግራችሁ ሰው ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚመስለው ለዚህ ነው። የጥሪውን ድምፅ በጎን ቁልፉ መቀየር የሚቻለው ጥሪው ላይ እያላችሁ ነው፤ ከዘጋችሁት በኋላ የምትጫኑት ቁልፍ ሌላውን ነው የሚቀይረው።

የቀሩት መንገዶች

ሰዓት ያለው ሰው በሰዓቱ ይቀይር። አፕል ዋች ላይ ዘፈን እየሄደ በጎኑ ያለውን ዘውድ የሚባለውን ክብ ቁልፍ ማሽከርከር በቂ ነው፤ እንደ እኔ ከዘንጉም ይመቻል። በድምፅ ማዘዝ የሚባለውን ግን እንለፈው፤ የአፕሏ የድምፅ ረዳት ሲሪ አማርኛ አትሰማም፣ በታክሲ ውስጥ በእንግሊዝኛ ከማዳመጫ ጋር ማውራትም ሰው ያስገርማል። አሁን አሁን ሳጥኑ ላይ እስክሪን ወይም ቁልፍ ያላቸውም መጥተዋል፤ ጄቢኤል ቱር ፕሮ 2 በንክኪ እስክሪኑ፣ ሲኤምኤፍ በድስ ፕሮ 2 ደግሞ ሳጥኑ ላይ ባለው የሚሽከረከር ቁልፍ ድምፅ ይቀይራሉ። ያምራል። ሳጥኑን ከኪስ ማውጣት ካለብኝ ግን ስልኬን ላውጣ።

ከመጨመራችሁ በፊት

ድምፅ ያነሰ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ጎማው ከጆሮ ጋር ስላልገጠመ ነው። ቀዳዳው በደንብ ካልተደፈነ ቤዙ ያመልጣል፣ የውጭው ጫጫታ ይገባል፣ እጅም ወደ መጨመሪያው ይሄዳል። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽና ትልቅ ጎማ አብሮ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ሁሉንም ሞክሩ፣ ቀኝና ግራ ጆሮ የተለያየ ሊፈልጉም ይችላሉ። አንዱ ብቻ ካነሰ ወንፊቱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ፤ የጆሮ ኩክ ደፍኖት ይሆናል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ወንፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ጥረጉ፤ በመርፌ አትነካኩ። እሱም ካልሆነ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ ላይ ያለው የግራና ቀኝ ሚዛን መሐል ላይ መሆኑን እዩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ለልጆች 75 ዴሲቤል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 90 አካባቢ ሲደርስ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። ዴሲቤል የማያሳይ ስልክ ለያዘ ሰው ድርጅቱ የሚመክረው ከጥጉ 60 ከመቶ አለማለፍን ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ የከፈተውን ሙዚቃ ለማሸነፍ የሚጨምር ሰው ይህን ልክ ሳያውቀው ያልፋል፤ ለእሱ ጫጫታ የሚያጠፋ ማዳመጫ ከማንኛውም መጨመሪያ በላይ ይጠቅመዋል። ድምፅ እናሳድጋለን የሚሉትን አፖች ተዉአቸው፤ ድምፁን ያሻክሩታል እንጂ አያጠሩትም።

ለልጅ የተገዛ ከሆነ ጣሪያ አብጁለት። አይፎን ላይ በ«ሳውንድስ ኤንድ ሃፕቲክስ» ውስጥ «ሄድፎን ሴፍቲ» የሚለው ከ75 እስከ 100 ዴሲቤል መርጦ ለመገደብ ያስችላል። ሳምሰንግ ላይ የሚዲያ ድምፅ ገደብ የሚባለው አለ፤ ልጁ እንዳይቀይረው የሚስጥር ቁጥር ይቀበላል።

ሱቅ ላይ

መርካቶም ሆነ መገናኛ፣ «ከላዩ ድምፅ ይጨምራል?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ «ሁሉም ይጨምራል የኔ ወንድም»። ስለዚህ አትጠይቁ፣ ሞክሩ። ከራሳችሁ ስልክ ጋር አገናኙት፤ በሻጩ ስልክ የሠራ በእናንተ ላይሠራ ይችላል። ዘፈን ክፈቱ፣ የድምፅ መስመሩን እያያችሁ ጨምሩ፣ ቀንሱ። በሻሽ የምትሸፈኑ ከሆነ እንደተሸፈናችሁ ሞክሩ። ጣታችሁን በውሃ ነካ አድርጋችሁ ድገሙት። ከዚያ አንዷን ሳጥኗ ውስጥ መልሱና በቀረችው ብቻ መጨመርም መቀነስም ከቻላችሁ ስለ ዋጋው መነጋገር ትችላላችሁ።